የኩሪሳዋ ሰባተኛው ማሳ

ሻይ በሚለቀምበት ወራት ሳዋኮ ሽንኩርት አትቀምስም። ነጭ ሽንኩርትማ ስሙም በቤቷ አይነሳም። የተብላላ አኩሪ አተር፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት፣ ቡና፣ ሽታ ያለው ሳሙና ሁሉ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ከቤት ይወጣል፤ እስከ ሰኔ ድረስም ተመልሶ አይገባም። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። አግብታ ፈታለች። «የፈታሁት በለቀማ ሰሞን አሳ ጥበሺልኝ ስላለኝ ነው» ትላለች፤ ቀልዷን ይሁን የምሯን እስከ ዛሬ የለየ ሰው የለም።

ሥራዋ ቅጠል ፍለጋ ነው። ሺሚዙ ወደብ አጠገብ ያለ አንድ ትንሽ ላኪ ድርጅት ቀጥሯት፣ ተራራ ለተራራ እየዞረች ባሕር ማዶ ለሚሄደው የሚሆነውን ትመርጣለች። የተፈጨ ሻይ የሚፈልግ አለ፤ የተቆላ የሚፈልግ አለ፤ የገብስ ቆሎ ወይም የደረቀ የሎሚ ልጣጭ ለመጠጥ የሚፈልግም አለ። ብቻ የሚጠጣ ነገር ከሆነ የሳዋኮን ምላስ ሳያልፍ መርከብ አይሳፈርም። ገዢዎቹ ስሟን በትክክል መጥራት አይችሉም። የቀመሰችውን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይገዛሉ።

ወደዚህ ሥራ የገባችው በዕቃ ማጠቢያው በኩል ነው። በሃያ ዓመቷ ስትቀጠር ሥራዋ ሻይ የሚቀመስባቸውን ነጫጭ ጎድጓዳ ሳህኖች ማጠብ ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ትለቅማለች፣ ወንድ ይገዛል፤ ከዚህ ሌላ ያሰበ አልነበረም። ሳዋኮ ግን ሳህኑን ከማጠቧ በፊት የቀረውን ፉት ትላለች። ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከየሸለቆው የመጣውን የሻይ ትራፊ እየቀመሰች ኖረች። አንድ ቀን የድርጅቱ ባለቤት፣ ሽማግሌው ኢናጋኪ፣ ከነጋዴዎች ጋር አንዱን ሳህን ከበው «የላይኛው ሸለቆ ነው»፣ «የለም የታችኛው ነው» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ሳዋኮ ጨርቋን እንደያዘች «የታችኛው ነው፤ ግን እንፋሎት ውስጥ ብዙ ቆይቷል» አለች። ኢናጋኪ ለገበሬው ስልክ ደወሉ። ገበሬውም ቅጠሉ የሚታጠንበት የእንፋሎት ማሽን የዚያን ቀን ጠዋት ተይዞበት እንደነበር፣ ማንም አያውቅብኝም ብሎ ዝም እንዳለ፣ እያፈረ ተናዘዘ። ኢናጋኪ ስልኩን ዘግተው «ነገ ጨርቁን ለሌላ ሰው ስጪ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ሳህን አላጠበችም።

በሻይ ገበያው አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆም ወንዶቹ ጀርባቸውን ሰጧት። አንዱ ነጋዴ፣ ሲያሾፍ፣ «እህት ዓለም፣ ውሃው የፈላ ነው፤ ምላስሽን እንዳያቃጥልሽ» አላት።

«የኔስ ምላስ ለምዶታል» አለችው። «የሚያሳዝነኝ ያንተ ምላስ ነው። ባለፈው ዓመት የሻገተ አስገዝቶህ፣ ይኸው አሁንም አምነኸው ትዞራለህ።»

ቦታ ለቀቁላት። እንግዲህ ይህች ናት ሳዋኮ። እኔ በበኩሌ በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች መካከል የሚያውቁትን ነገር እንደ እሷ አንጥረው የሚያውቁ ከጣቴ ቁጥር አይበልጡም።

የተወለደችው ከወደቡ በመኪና ሁለት ሰዓት ሽቅብ በሚወጣበት፣ ኩሪሳዋ በሚባል ተራራ ላይ ነው። ቅጠሉ መልካም ነው፤ ጠላቱ ጠርሙስ ነው። ሰው ሻይ አፍልቶ መጠጣት ትቶ ከሱቅ ቀዝቃዛ ጠርሙስ መግዛት ከለመደ ወዲህ የተራራ ቅጠል ፈላጊ አጣ። ወጣቱ ወደ ከተማ ወረደ፣ ቀርከሃው ማሳውን እየዋጠ መጣ። ከአራት ዓመት በፊት ሳዋኮ የመንደሩን ስምንት ቤቶች ሰብስባ «የተባይ መድኃኒት መርጨት ተዉ» አለቻቸው። ሃምቡርግ ከተማ ንጹሕ የተራራ ቅጠል የሚፈልግ ገዢ አግኝታለች። ሦስት ዓመት ያለ መድኃኒት፤ ከዚያ የምስክር ወረቀት፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚገዛ ሰው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ተባይ ልንቀልብ ነው?» አሉ ሽማግሌው ጋሽ ጊሳኩ። ከሁሉም የሚበልጥ ማሳ ያላቸው እሳቸው ናቸው።

«ይብላ፤ የተረፈውን እኔ እገዛለሁ።»

ጋሽ ጊሳኩ ሳቁና ገቡበት፤ እሳቸው ሲገቡ ሌሎች ስድስት ቤቶችም ተከተሉ። ያልገባው የገዛ ወንድሟ ካትሱሚ ብቻ ነበር። «እኔ በሰባ ዓመቴ አጎንብሼ ሣር ስነቅል መሞት አልፈልግም» ብሎ ማሳውን እንደ ድሮው እየረጨ ቀረ። አልተጣሉም። አባታቸው የሞተው እሷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደጋት፣ በበረዶ ጊዜ አዝሎ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ እዚያ ሺሚዙ ሥራ ፈልጎ ያስገባት እሱ ነው። ምላሷ የማይደፍረው አንድ ሰው ቢኖር ካትሱሚ ነው።

ሦስቱ ዓመት ቀላል አልነበረም። ምርቱ በግማሽ ወረደ። የወዲያኛው መንደር ሰዎች «ኩሪሳዋዎች የትል እርሻ ጀመሩ» እያሉ ተሳለቁባቸው። ሰባቱ ቤቶች ግን በሳዋኮ ቃል ተማምነው አረማቸውን በእጅ ነቀሉ። ዘንድሮ የሚለቀመው እንግዲህ የመጀመሪያው ነበር። የሃምቡርጉ ገዢ የጻፈው ግን ግልጽ ነው፤ ቅጠሉ ላይ መድኃኒት ከተገኘ ዕቃው ብቻ ሳይሆን መንደሩ ራሱ ከመዝገብ ይፋቃል። ሰባቱ ቤቶች ደግሞ ያላቸው ፋብሪካ አንድ ነው። ቅጠሉ በአንድ እንፋሎት ያልፋል፣ በአንድ ማሽን ይታሻል፤ የአንዱ ማሳ ጥፋት የሰባቱም ነው።

በየካቲት ጋሽ ጊሳኩ በረዶ የያዘው የድንጋይ ደረጃ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሺዙኦካ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው ሳዋኮ ልትጠይቃቸው ስትሄድ፣ ከሕመማቸው ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ማሳቸው ሆኖ አገኘችው።

«ቅጠሌን ማን ይለቅመዋል?»

«እኔ አስለቅመዋለሁ። አንድም ሳይቀር እወስደዋለሁ።»

«በአፍ ነው?»

በሻይ ነጋዴ ዘንድ ውል የሚታሰረው በጭብጨባ ነው። ሻጭና ገዢ፣ በመካከላቸውም ደላላ ሆነው፣ ሦስቱ እኩል ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ መራራ ቢሆን፣ ገበያው ቢወድቅ፣ ሰማይ ቢደፋ ወደ ኋላ የለም። የጋሽ ጊሳኩ ሚስት እትዬ ሃትሱኤ እንደ ደላላ በመካከል ቆሙ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ! ነርሷ ምን መጣ ብላ በሩጫ ገባች።

ለቀማው ሁለት ቀን ሲቀረው ሳዋኮ ማሳዎቹን ልታይ ወጣች። ይህን የምታደርገው ሁልጊዜ ብቻዋን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሰው በማሳው ውስጥ ሳያልፍ ነው። ጎንበስ ብላ ፊቷን ከቁጥቋጦው አናት እኩል ታደርግና በቦዩ መካከል ቀስ እያለች ትሄዳለች። መድኃኒት ያልነካው ማሳ ባለቤቱ ሸረሪት ነው፤ ሌሊቱን ከረድፍ ረድፍ ድሩን ሲዘረጋ ያድራል። በስድስቱ ማሳ ስታልፍ ድሩ በግንባሯ፣ በቅንድቧ፣ በከንፈሯ ተለጠፈ። እፍ እፍ እያለች ትሄዳለች፤ ደስ ብሏታል። ቅጠሉ እዚህም እዚያም ተበልቷል፤ እሱንም እንደ ጥሩ ዜና አየችው።

ሰባተኛው የጋሽ ጊሳኩ ማሳ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ፊቷን ዳሰሰችው፤ ምንም የለበትም። ተመልሳ በሌላ ቦይ ገባች። ምንም። ቅጠሉ አንድም ቀዳዳ የለውም፤ ለጋ፣ ሙሉ፣ የሚያብረቀርቅ። የዛሬ አምስት ዓመት ገበያ ላይ ብታየው ኖሮ ደስታዋ ወሰን አይኖረውም ነበር። አሁን ግን ቦዩ ውስጥ ቁጭ አለች።

ቁጭ ስትል ነው ሣሩን ያየችው። በየቦዩ፣ አረም እንዳይበቅል፣ የታጨደ ሣር ወፍራም ሆኖ ተነጥፏል፤ ገደል ላይ ለተንጠለጠለ ማሳ ይህ የብዙ ቀን ልፋት ነው። የመንደሩ ሰው ሣር ሲያነጥፍ አግድም ነው የሚያነጥፈው። ይኸኛው ግን ሥሩ ወደ ሽቅብ፣ ጫፉ ወደ ቁልቁል ተደርጎ በሥርዓት ተደርድሯል። እንዲህ ያነጥፍ የነበረው አባቷ ነው፤ ይህንንም ያስተማረው ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዷ እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ አላነጠፈችም።

ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። ካትሱሚ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ማጭዱን ይስላል።

«ወንድም ጋሼ፣ የጋሽ ጊሳኩን ማሳ ሣር ያለበስከው አንተ ነህ?»

«የምን ሣር?» ቀና አላለም።

«አባባ ከመቃብር ተነስቶ ካላነጠፈው አንተ ነህ።»

«ቁርስ በልተሻል?»

«መድኃኒትም ረጭተሃል።»

ማጭዱ ቆመ። ካትሱሚ ድንጋዩን አስቀምጦ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለ። «መጋቢት መጨረሻ ላይ። ተባይ ቡቃያውን መጦ ሊጨርሰው ነበር። እነዚያ ስድስቱ በየማሳቸው ተጠምደው ያየው የለም፤ እኔ አየሁት። ሰውየው በዱላ እየተንፏቀቀ ቤቱ ሲገባ፣ ራሰ በራ የሆነ ማሳ ይይ?»

«ያለ መድኃኒት መሆኑን እያወቅክ?»

«አንድ ቀን ዝናብ ቢመታው ይታጠባል አልኩ።»

«ለኔ ለምን አልነገርከኝም? ለእትዬ ሃትሱኤስ?»

«ለሷ ልንገራት?» ካትሱሚ ተቆጣ። «በነጋታው በዚያ ጉልበቷ ኬክ ተሸክማ ደጄ ላይ ስትሰግድ እንድትውል? ባል ታሞባት ሆስፒታል ስትመላለስ የኔን ምስጋና ልጨምርባት?»

ይህስ ትክክል ነው። በኩሪሳዋ ደግ ሥራ የሚሠራው እንደ ሌብነት ተደብቆ ነው። ደጅህ ላይ ያለው በረዶ ተጠርጎ ታገኘዋለህ፤ ማን እንደጠረገው አትጠይቅም። ራዲሽ የሚባለው ሥራ ሥር በገመድ ታስሮ በርህ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኛለህ፤ ዝም ብለህ ትበላለህ። ረድቼሃለሁ ብሎ የሚናገር ሰው ካለ፣ ያ ሰው አልረዳም፤ ሸክም ነው የጫነው። እሷም ያደገችው በዚሁ ነው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። አንዲት ቃል ለመተንፈስ ግን ካትሱሚ ሌላ ሰው መሆን ነበረበት።

«ስሚ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሰባቱ ቅጠል ይቀላቀል የለ? የሱ ትልቅ ቢሆንም ከስድስቱ ጋር ሲደባለቅ ምን ያህል ይሆናል? ላቦራቶሪ ቢገባም አይታይም። የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። ዝም በይ።»

ቀኑን ሙሉ ይህን ነገር ተሸክማ ዋለች። ክፋቱ ካትሱሚ የተናገረው እውነት ሊሆን መቻሉ ነው። ከተቀላቀለ ሊያልፍ ይችላል። ዝም ካለች ጋሽ ጊሳኩ አይሰበሩም፣ ወንድሟ አያፍርም፣ ሃምቡርግም ደስ ብሎት ይጠጣል። ከተናገረች ያ ማሳ እንደገና ሦስት ዓመት ይቆጠርበታል፤ ሰውየው ደግሞ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በወንድሟ ላይ እንዲህ ተናዳ አታውቅም፤ እንዲህ ወድዳውም አታውቅም። ሣሩን አሰበችው፤ ያን ሁሉ ገደል በሰባ ዓመቱ ጎንበስ ብሎ ማልበሱን። ግን ስድስቱ ቤቶችም አሉ። ሦስት ዓመት የተሳቀባቸው፣ በእሷ ቃል። ካለፈ ያልፋል፤ ካላለፈስ? ደግሞም አርባ ዓመት ሙሉ የቀመሰችውን ነገር አልቀመስኩም ብላ አታውቅም።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ሰባቱ ቤቶች ፋብሪካውን ሊያጸዱ ተሰበሰቡ፤ ሁልጊዜም የለቀማው ዋዜማ እንዲሁ ነው። ማሽኑ ይጠረጋል፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ከዚያ የሩዝ ድብልብል ይበላል። ካትሱሚ አባል ባይሆንም መጥረጊያ ይዞ መጥቷል፤ በየዓመቱ ይመጣል። ጋሽ ጊሳኩ ከሆስፒታል ከወጡ ሳምንታቸው ነው፤ በዱላ ተደግፈው፣ በሚስታቸው ተይዘው ገቡ። ሁሉም አጨበጨበላቸው። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ፈክቷል። ሳዋኮ ሌላ ሰው ሳይቀድማት ተነሳች፤ ከቆየች እንደማትችል ታውቃለች።

«ጋሽ ጊሳኩ፣ ይቅር ይበሉኝ። የእርስዎ ቅጠል ከሌሎቹ ጋር አይገባም። መድኃኒት ነክቶታል።»

ሳዋኮ አላቋረጠችም።

«በጭብጨባ የገባሁትን ቃል አልበላም። ቅጠልዎን በሙሉ እወስዳለሁ፤ እዚሁ አገር ውስጥ ይሸጣል። የሃምቡርጉ ግን የስድስት ቤት ይሆናል። የእርስዎ ማሳ እንደገና ሦስት ዓመት ይቆጠርበታል።»

«ማን ነው የረጨው?» አለች አንዷ ሴትዮ፣ በቁጣ። ቁጣዋ እውነት ነው፤ ጣቶቿ ሣር ሲነቅሉ ቆስለው ነው የከረሙት።

ሳዋኮ ዝም አለች። ጋሽ ጊሳኩ ዓይናቸውን ከእሷ አላነሱም። ወደ በሩ አልዞሩም፤ መጥረጊያ ወደያዘው ሰውዬ አላዩም። የዚህችን ሴትዮ ምላስ የሚያስር ሰው በዓለም ላይ ስንት እንደሆነ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃሉ። ዱላቸውን መሬት ላይ አስተካክለው ተከሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «መጋቢት መጨረሻ ላይ ረጨሁት። ሳላስብ ነው።»

በመጋቢት መጨረሻ ጋሽ ጊሳኩ ዳሌያቸው ውስጥ ብረት ገብቶ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበሩ። እዚያ የቆሙት ሁሉ በየተራ ሄደው ጠይቀዋቸዋል፤ ብርቱካን ልጠው አጉርሰዋቸዋል። የሳቀ ሰው አልነበረም። አንዱ «እሺ፣ ጋሽ ጊሳኩ» አለ። ሌላው «ሰው ነን፣ እንሳሳታለን» አለ። ተቆጥታ የነበረችውም ሴትዮ አንገቷን ደፍታ «በሽታው አድክሞዎት ነው» አለች። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም፣ መቼም፣ አያነሳውም ነበር።

መጥረጊያው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሁሉም ዞረ። ካትሱሚ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነክቷል።

«እኔ ነኝ» አለ። «እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሁላችሁንም በደልኩ።»

«ዝም በል አንተ!» ጋሽ ጊሳኩ በዱላቸው ወለሉን መቱት። «ማን ጠየቀህ? ሰው በገዛ ማሳው መሳሳትም አይፈቀድለትም?»

እትዬ ሃትሱኤ ግን ባላቸውን ለቀው፣ ቀስ እያሉ ሄደው ካትሱሚ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። «ሣሩንስ ያነጠፍከው አንተ ነህ?» አሉት።

ካትሱሚ ቀና ሳይል በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እኛ ማንን እንደምናመሰግን ጠፍቶን ስንት ቀን እንቅልፍ አጣን መሰለህ! በል ተነስ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው።»

«ሦስቱንም ዓመት አረሙን እኔ ነኝ የምነቅለው» አለ ካትሱሚ፤ ያለቅሳል። «በእጄ።»

«አንተ?» አሉ ጋሽ ጊሳኩ። «ሻዩን ከአረሙ ለይተህ ነው? በርጩማ ይዤ ዳር ላይ ተቀምጬ አሳይሃለሁ እንጂ፣ ብቻህን ማሳዬ ውስጥ አላስገባህም።»

ያን ጊዜ ነው ሰው የሳቀው። ሳዋኮ አልሳቀችም። ስትፈታ ያላለቀሰች ሴትዮ፣ ኢናጋኪን ስትቀብር ያላለቀሰች ሴትዮ፣ የእንፋሎት ማሽኑን ተደግፋ ተንሰቀሰቀች፤ አልደበቀችውም። ሲያልፍላት ፊቷን በፎጣ ጠርጋ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። ለቀማው ሳይጀመር በፋክስ ሃምቡርግ መድረስ አለበት፤ ከሰባቱ ማሳ አንዱ መውጣቱን የሚገልጽ ቅጽ ነው። ሞላችው፤ ስም፣ ስፋት፣ ቀን። መጨረሻ ላይ ብዕሯ ቆመ።

«ምክንያት ይላል» አለች። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ከሌላ ማሳ ንፋስ አምጥቶት ነው በያቸው» አለ አንዱ።

«ውሸት ምን ያደርጋል» አሉ ጋሽ ጊሳኩ፣ የራሳቸውን ውሸት ረስተው። «የሆነውን ጻፊ። ባለቤቱ ታሞ ጎረቤት ረድቶት ነው በያቸው።»

«ጋሽ ጊሳኩ፣ እንዲህ ብዬ ብጽፍ እኮ አይገባቸውም።»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ቀልዳቸውን አልነበረም፤ ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው ነው የጠየቁት።

«እንዴ፣ እዚያ አገር ጎረቤት የላቸውም?»